የጥንት ምስክር በዛሬ ሙግት

በገዳሙ መቶኛ ዓመት በዓል የተሰጠ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ ቃል እንዳሰማ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ስለ ገዳሙ መሥራቾች ትጋትና ስለ ሕንጻው ታሪክ ከእኔ ይልቅ አጥርተው የሚናገሩ አባቶች መኖራቸውን ስላወቅሁ፣ ለበዓሉ ይገባል ያልሁትን ሌላ ነገር መረጥሁ። ይኸውም ሰዎች በዛሬ ክርክራቸው የጥንት ሊቃውንትን፣ በተለይም የጽርእንና የሮምን ጸሐፊዎች፣ ምስክር አድርገው የሚጠሩበት ልማድ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ክብር በሚነገርበት ጉባኤ ሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ሆሜርና ሄሮዶቱስ ናቸው። በዚህች በቅድስት ከተማ በኢየሩሳሌም ስላሉት ይዞታዎቻችን ክርክር በተነሣ ቁጥርም፣ ከማስረጃው ሁሉ ቀድሞ የሚነገረው ጥንታዊነታችን ነው። መቶ ዓመት የሞላው ቤት ደግሞ እርሱ ራሱ ወደ ጥንታዊነት መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ ጥንታዊነት ምን ሊያስረዳ እንደሚችል፣ ምንስ ሊያስረዳ እንደማይችል ዛሬ ብንመረምር ከበዓሉ የወጣን አይመስለኝም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአገራችን በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ባለጉዳዮች በዳኛ ፊት ቆመው በተጠየቅ ሲከራከሩ፣ መጀመሪያ ጭብጥ ይያዝ ነበር፤ ምስክርም የሚጠራው በተያዘው ጭብጥ ላይ ነበር። ምስክሩ በቀረበም ጊዜ ሽማግሌ ስለ ሆነ ብቻ ቃሉ አይጸድቅለትም። ሽበቱ ያስከብረዋል እንጂ ከመመርመር አያድነውም። አየህ ወይስ ሰማህ ይባላል፤ የምትናገረው ስለዚህ ሰው ነው ወይስ ስለ ሌላ ይባላል፤ ቃልህ ጭብጡን ይነካል ወይስ ከጭብጡ ውጭ ነው ይባላል። ጀምሮ ያቋረጠውንም ነገር እንዲጨርስ ይደረጋል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ምስክር ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ያየውን ይናገራል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ሕግንና እውነትን የያዘው ዳኛ ነው።

እኔ በበኩሌ የጥንት ሊቃውንትን ስንጠራ ይህን የአባቶቻችንን ሥርዓት ብንጠብቅ ይበቃናል እላለሁ። የምለውም ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

አስቀድመን የቤተ ክርስቲያን አባቶች ምን እንዳደረጉ እንመልከት። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና በአርዮስፋጎስ ቆሞ ባስተማረ ጊዜ ከጽርእ ባለቅኔዎች ቃል ጠቅሷል። ለቲቶ በጻፈውም መልእክት ስለ ቀርጤስ ሰዎች የገዛ ወገናቸው የተናገረውን ቃል አንሥቷል። ነገር ግን ሐዋርያው ባለቅኔውን የጠራው ወንጌልን እንዲፈርድለት አይደለም፤ ሰሚዎቹ ራሳቸው የሚቀበሉትን ምስክር ይዞ ወደማያውቁት እውነት ሊያሻግራቸው ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በአቴና የተማረ ሰው ሲሆን፣ ወጣቶች የጽርእን መጻሕፍት እንዴት ሊያነቡ እንደሚገባ በጻፈው ምክር ንብን ምሳሌ አድርጎ አስተምሯል። ንብ ወደ አበባው ሁሉ እኩል አትሄድም፤ ከቀረበችበትም አበባ ሁሉን ተሸክማ አትመለስም። የምትፈልገውን ወስዳ የቀረውን ትተዋለች። እንግዲህ የጥንቱን ትምህርት መናቅም፣ ያለ ምርመራ መስገድም ከአባቶች መንገድ ውጭ ነው ማለት ነው።

የእኛም ሊቃውንት ከዚህ ማዕድ ተካፍለዋል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፈ ፈላስፋ፣ የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንንና የአሪስጣጣሊስን ስም በገዳማቱና በአድባራቱ አስለምዷል። ነገር ግን እንዲህ ያሉት የምክር መጻሕፍት ከጽርእ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ሲሻገሩ አንዱ ቃል ከአንዱ ፈላስፋ አፍ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሯል። ይህ ምክሩን ክፉ አያደርገውም። መልካም ምክር በተናጋሪው ስም ሳይሆን በራሱ እውነት ይቆማል። ሆኖም አንድ ሰው በክርክር ላይ ቆሞ፣ ይህን ያለው ሶቅራጥስ ነውና ዝም በሉ ቢለን፣ ያን ጊዜ ምክሩ ምክር መሆኑ ቀርቶ ዱላ ሆኗል። ስሙን ዱላ ያደረገ ሰው ደግሞ ስሙ እውነተኛ መሆኑን የማስረዳት ዕዳ አለበት።

አሁን ስለ ኢትዮጵያ ወደሚጠሩት ምስክሮች ልምጣ። ይህን ክፍል በጥንቃቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የምንወደውን ነገር መመርመር ከባድ ነው።

ሆሜር በኢልያዳ ዜዎስ ነውር ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ለግብዣ እንደ ሄደ፣ በ12ኛውም ቀን እንደሚመለስ ይተርካል። በኦዲሴያ ደግሞ ኢትዮጵያውያን በሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ በፀሐይ መግቢያ፣ እኩሌቶቹም በፀሐይ መውጫ እንደሚኖሩ ይናገራል። ይህ ለስማችን ትልቅ ጌጥ ነው። ነገር ግን ምስክሩን ብንጠይቀው፣ የሚናገረው በምድር ዳርቻ በውቅያኖስ አጠገብ ስለሚኖሩ፣ እርሱም ወገኖቹም ስላላዩአቸው ሰዎች ነው። ኢትዮጵያ የሚለውም ቃል በጽርእ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረን ሰው ሁሉ የሚያመለክት እንጂ የአንድ መንግሥት ወሰን የተለካበት ስም አልነበረም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሄሮዶቱስ ከሆሜር የተሻለ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። እስከ ኤሌፋንቲን፣ ማለት እስከ ዛሬዋ አስዋን ድረስ፣ በዓይኑ እንዳየ፣ ከዚያ ወደ ላይ ያለውን ግን በወሬ እንደ ሰማ ራሱ ጽፏል። የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ብሎ የሚጠራትም ሜሮዌን ነው። ሜሮዌ በዛሬዋ ሱዳን ምድር በዓባይ ዳር የነበረች የኩሽ መንግሥት ከተማ ናት። ስለዚህ ሄሮዶቱስ ስለ ረጅም ዕድሜያቸውና ስለ ጠንካራው ቀስታቸው የተረከላቸው ሰዎች በቀጥታ የአክሱም ሰዎች ናቸው ማለት አይቻልም።

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን ዲዮዶሮስ ዘሲሲልያ ነው። ይህ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የጻፈ ሰው በ3ኛው መጽሐፉ፣ ከሰው ልጆች ሁሉ ቀድመው የተገኙት ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ፣ ግብፃውያንም ከእነርሱ ወጥተው የሰፈሩ እንደ ሆኑ የሚናገሩ ጸሐፊዎች መኖራቸውን ይገልጻል። ይህን ቃል ብዙዎች ይጠቅሱታል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ከኢትዮጵያውያን ነገዶች ብዙዎቹን የአውሬ ጠባይ ያላቸው ናቸው እያለ ያዋርዳል። እንግዲህ ዲዮዶሮስን ምስክር ብሎ የጠራ ሰው ቃሉን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ግድ ነው። ከምስክር አፍ የሚጣፍጠውን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን እንዳልሰማ መሆን በየትኛውም ሸንጎ አይፈቀድም። ተቃዋሚያችን መጽሐፉን ገልጦ ቀጣዩን ገጽ ቢያነብብን ምን እንመልሳለን?

ታዲያ እነዚህ ምስክሮች ከተመረመሩ በኋላ እጃችን ባዶ ይቀራል ወይ? በፍጹም አይቀርም። እንዲያውም እውነተኛዎቹ ምስክሮቻችን የሚታዩት ያን ጊዜ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት ከግብፅ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን የዞረ፣ ስሙን ያልጻፈ የጽርእ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ አዱሊስ ወደብና ስለ አክሱም ከተማ፣ እንዲሁም የጽርእን ፊደል ስለሚያውቀው ስለ ንጉሡ ስለ ዞስካሌስ ጽፎልናል። ይህ ሰው ለግብይት የጻፈ ነው፤ ዋጋና የመንገድ ርቀት ይቈጥራል እንጂ አያወድስም። የማያወድስ ምስክር ደግሞ ይታመናል።

በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና በግእዝና በጽርእ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ በግእዙ ሐበሻት የተባለው በጽርኡ ኢትዮጵያውያን ተብሎ ተተርጕሟል። እዚሁ ጽሑፍ ላይ ካሱ፣ ማለት ኩሽ፣ ለብቻው ተቈጥሯል። ኢትዮጵያ የሚለውን ስም የአክሱም ንጉሥ በገዛ ፈቃዱና በገዛ ቃሉ ለሕዝቡ እንደ ተቀበለው የሚያስረዳው ይህ ድንጋይ ነው። የሆሜር ውዳሴ ይህን ሊያስረዳ አይችልም። በእስክንድርያ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጽርእ የመለሱት ሊቃውንት በዕብራይስጥ ኩሽ የሚለውን ኢትዮጵያ ብለው ተርጕመውት ነበርና፣ የእኛ አባቶች መጻሕፍትን ከጽርእ ወደ ግእዝ ሲመልሱ በመዝሙረ ዳዊት ኢትዮጵያ እጆችዋን እንደምትዘረጋ የተነገረውን ትንቢት በዚህ ስም ተቀበሉት። ይህ ስርቆት አይደለም፤ በእምነት የተደረገ ውርስ ነው። ወራሽ ግን ውርሱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ያስከብረዋል እንጂ አያዋርደውም።

ስለ ክርስትናችንም እንዲሁ ነው። የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ በ356 ዓ.ም. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ስለ ፍሬምናጦስ የላከውን ደብዳቤ ቅዱስ አትናቴዎስ በመጽሐፉ አኑሮታል። ደብዳቤው የወዳጅ አይደለም፤ ንጉሡ አትናቴዎስ የሾመው ጳጳስ ተመልሶ በአርዮሳውያን እንዲመረመር የሚፈልግ ነበር። የተቃዋሚ ምስክርነት ግን ከወዳጅ ምስክርነት ይበልጣል። ሩፊኖስ ደግሞ የአባ ሰላማን ታሪክ የጻፈው ከወንድማቸው ከአዴስዮስ አፍ ሰምቶ መሆኑን ይናገራል። እርሱም ቢሆን አገራችንን የሚጠራት ህንድ በሚል ስም ነው። ስሙ ተሳስቶ ምስክርነቱ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል፣ ስሙም ትክክል ሆኖ ምስክርነቱ ስለ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እስካሁን የተናገርሁት ምስክርን ስለ መመርመር ነው። ምስክሩ ዳኛ ሆኖ በተቀመጠ ጊዜ ምን እንደሚደርስ ደግሞ ዓለም አይቶታል።

በ1550ና በ1551 በእስፓንያ አገር በቫልያዶሊድ ከተማ፣ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች በጦር ሊገዙ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ታላቅ ክርክር ተደርጎ ነበር። ሴፑልቬዳ የተባለው ሊቅ የአሪስጣጣሊስን የፖለቲካ መጽሐፍ ወደ ላቲን የተረጐመ ሰው ነበርና፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ባሮች ናቸው የሚለውን የፈላስፋውን ቃል ይዞ ተነሣ። ተከራካሪው ላስ ካሳስ ግን ብዙ ዘመን በዚያ ምድር ኖሮ ከተማቸውን፣ ሕጋቸውንና ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ያየ መነኩሴ ስለ ነበረ፣ ወንጌልንና ያየውን ይዞ ተሟገተ። አንዱ ያላያቸውን ሰዎች ከ1800 ዓመት በፊት በጻፈ ሰው ቃል ሲፈርድባቸው፣ ሌላው ሰዎቹን ራሳቸውን ተመልከቱ አለ። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ደቡብ ክፍል የባርነት ጠበቆች ባርነት በ1865 በሕግ እስከ ተሻረ ድረስ ይህንኑ አሪስጣጣሊስን ሲጠሩ ኖረዋል። የሚያስደንቀው ግን፣ አሪስጣጣሊስ በዚያው መጽሐፉ ባርነት ከተፈጥሮ ውጭ ነው የሚሉ ሰዎች በዘመኑ እንደ ነበሩ ራሱ መጻፉ ነው። ጥንታውያን ሁሉ በአንድ ቃል አልተናገሩም፤ እነዚህ ጠበቆች ግን ከጥንቱ ሸንጎ የሚመቻቸውን አንድ ሰው መርጠው ጥንት እንዲህ አለ አሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ በእኛው አካል ላይ የታተመ ነው። የፋሺስት መንግሥት በ1934 በሮም ከተማ በአዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር የጥንታዊት ሮም ግዛት እንዴት እንደ ሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች አቆመ። በሜይ 9 ቀን 1936 የሮም ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ተመለሰ ብሎ ካወጀ በኋላም፣ ኢትዮጵያ የተጨመረችበትን አምስተኛ ካርታ በጎናቸው አስቀመጠ። መልእክቱ ግልጥ ነበር። አውግስጦስ ገዝቶ ነበርና ሙሶሊኒም ይግዛ ማለት ነው። የሚገርመው ግን የጥንታዊት ሮም ካርታዎች ራሳቸው በተመልካች ሁሉ ፊት ይመሰክሩበት ነበር፤ አክሱም ለሮም አንድ ቀን ተገዝታ አታውቅምና። በ1937 የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በሮም ሲቆም፣ የእኛ ጥንታዊነት የእነርሱን ጥንታዊነት እንዲያጅብ ተደረገ። አምስተኛው ካርታ ከፋሺዝም ውድቀት በኋላ ከግድግዳው ተነሥቷል፤ አራቱ አሁንም አሉ።

እዚህ ላይ እንድታስተውሉት የምለምናችሁ ነገር አለ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በተናገሩ ጊዜ፣ ሊጠሩት የሚችሉት ጥንታዊነት ብዙ ነበር። ክርክራቸውን የመሠረቱት ግን በማኅበሩ ቃል ኪዳን፣ በተገባው የጋራ ጥበቃ ግዴታና በሕዝቡ ላይ በወረደው የመርዝ ጋዝ ላይ ነበር። ሮምን በሮም ዕድሜ ከሰሰ የሚል የለም፤ በሕግ ከሰሱ። ሐውልቱም የተመለሰው ረጅም ዕድሜ ስላለው አይደለም። ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ እንድትመልስ የሚያስገድደው የ1947ቱ የሰላም ውል ስለ ነበረ፣ ኢትዮጵያውያንም ያን ውል ሳይሰለቹ ስላሳሰቡ ነው። ብዙ ዘገየ፤ ነገር ግን በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008ም በቦታው ቆመ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ኢትዮጵያውያን በዚህች ከተማ ስለ ኖሩበት ዘመን የሚጠሩት ምስክሮች ጥቂቶች አይደሉም። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በቤተ ልሔም ተቀምጦ ሳለ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በጻፈው ደብዳቤ ከህንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ የሚመጡ መነኮሳትን በየቀኑ እንደሚቀበል ይናገራል። ይህ ሰው አይቶ የሚመሰክር ነው። ሆኖም ከላይ እንዳልሁት ኢትዮጵያ የሚለው ስም በዚያ ዘመን ከኖባም የመጣውን ሰው ሊጨምር ስለሚችል፣ በዚህ በአንዱ ቃል ላይ ሕንጻውን ሁሉ ማቆም አይገባም። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን የአውሮፓ ተሳላሚዎች የእኛን መነኮሳት በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አይተው ጽፈዋል። በ15ኛውም መቶ ዓመት የኢየሩሳሌም ማኅበራችን አለቃ አባ ኒቆዲሞስ በፍሎሬንስ ለነበረው ጉባኤ ደብዳቤ ልከዋል፤ መልእክተኞቻቸውም በ1441 በዚያ ተገኝተዋል። ይህ ደብዳቤ ከሆሜር ግብዣ 2000 ዓመት ያህል ያንሳል፤ ለጭብጣችን ግን ከእርሱ ይበልጣል። የገዛ አለቃችን በገዛ ስሙ፣ ከዚህችው ከተማ የጻፈው ነውና።

ስለ ዴር ሱልጣን ያለው ትውፊትም የታወቀ ነው። በዐረብኛ የሱልጣን ገዳም ማለት ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ይህ ስም ከንጉሥ ሰሎሞንና ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ ጋር ይያያዛል፤ ሌሎች ደግሞ በኋላ ዘመን ከነገሠ የእስላም ሱልጣን ጋር ያገናኙታል። ትውፊታችንን ማንም አይንቅብን። አባቶቻችን በረኃብና በጥም ይህን ቦታ ሳይለቁ የኖሩት በዚህ ትውፊት ተጽናንተው ነው። ነገር ግን የሚያጽናና ቃልና የርስት ሰነድ ሁለት ናቸው። በ1852 የቱርክ ሱልጣን ባወጣው ትእዛዝ የቅዱሳት መካናት ይዞታ ባለበት እንዲጸና በተወሰነ ጊዜ የተጠየቀው፣ ማን ይዞታል፣ ማን ያበራበታል፣ ማን ይጠርገዋል፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚል ነበር። መጥረጊያና ቁልፍ ከሆሜር ይልቅ የተደመጡበት ሸንጎ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ ደግሞ ማስረጃችን ተጐድቶ ነበር። በ1838 በዚህች ከተማ ቸነፈር በገባ ጊዜ በዴር ሱልጣን የነበሩት መነኮሳት እንዳለቁ፣ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸውም በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው እንደ ተቃጠሉ ተጽፏል። እስቲ አስቡት፤ በዚያች እሳት ውስጥ የሆሜር አንዲት ገጽ አልተቃጠለችም። የሆሜር መጽሐፍ በዓለም ሁሉ አለ። የተቃጠለው ከዚህ በቀር በሌላ ቦታ የማይገኘው፣ የመነኮሳቱ ስምና የቦታው መዝገብ፣ በየመጻሕፍቱ ኅዳግ የተጻፈው ስጦታና ውል ነበር። የታላላቆቹ ምስክሮች ቃል ተረፈ፤ የታናናሾቹ ጠፋ። በሙግት ያስቸገረንም የታናናሾቹ መጥፋት ነው።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ እንዲህ ይለኝ ይሆናል፦ ሌሎች ሕዝቦች የጥንት ክብራቸውን አጋንነው ሲናገሩ፣ እኛ ብቻ የራሳችንን ምስክሮች ብንፈትን ለተቃዋሚ መሣሪያ መስጠት አይሆንብንም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው። በአሥር ምስክሮች መካከል አንድ ደካማ ካለ፣ ተቃዋሚ የሚይዘው ያን አንዱን ነው፤ እርሱንም በጣለ ጊዜ ዘጠኙ ሳይሰሙ ይጠረጠራሉ። ደካማውን ራሳችን አስቀድመን ብናስቀምጠው ግን ዘጠኙ በክብር ይቆማሉ። ከዚህም በላይ ነገሩ የስልት ብቻ አይደለም። እኛ የእውነት አምላክ አገልጋዮች ነን የምንል ሰዎች ነን። በሐሰት ወይም በግማሽ እውነት የተጠበቀ ቅዱስ ቦታ ቅድስናው በጠባቂዎቹ ይጐድላል። ሌላው ሕዝብ ስላጋነነ ማጋነን ይገባል የሚለውም ቃል፣ አውግስጦስ ስለ ገዛ እገዛለሁ ካለው ሰው ቃል የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው።

ደግሞም የጥንታዊነት ክብር ዕዳ ያለበት ክብር መሆኑን አንርሳ። አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ ያለ ሰው፣ አንተስ የሚል ጥያቄ በራሱ ላይ ጠርቷል። ነውር የሌለባቸው ተብለው የተመሰገኑ ሰዎች ልጆች ነን ብንል፣ በእንግዳ አቀባበላችን፣ በእርስ በርስ ፍቅራችንና በጸሎታችን ነውር እንዳይገኝ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሆሜር የሚመሰክረው ለእኛ መሆኑ ቀርቶ በእኛ ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ልመናዎች እፈጽማለሁ። መጀመሪያው፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገዳም የሚኖር እያንዳንዱ መነኩሴና መነኩሲት፣ የመጣበት ዘመን፣ የወጣበት ደብር፣ ያገለገለበት ሥራና ያረፈበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። ውሃ የቀዳውና በር የጠበቀው ስም ከአለቃው ስም ጋር ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ያሉን መጻሕፍት፣ ደብዳቤዎችና የይዞታ ወረቀቶች በዝርዝር ተቈጥረው፣ በፎቶግራፍም ተነሥተው ቅጂው ከዚህ ቤት ውጭ በሌላ አስተማማኝ ቦታ ይኑር። አንድ እሳት ወይም አንድ ቸነፈር ዳግመኛ አፋችንን ሊዘጋው አይገባም። ሦስተኛው፣ ልጆቻችንን ስናስተምር የዒዛናን ድንጋይ፣ የአትናቴዎስን መጽሐፍ፣ የአባ ኒቆዲሞስንም ደብዳቤ ከሆሜር ውዳሴ አስቀድመን እናስተምራቸው። ሆሜርንም ያንብቡት፤ ደስ ይበላቸው፤ ነገር ግን ከምስክር ወንበር አንሥተው በዳኛ ወንበር እንዳያስቀምጡት እንንገራቸው።

ይህ ገዳም የመቶ ዓመት ሽማግሌ ሆኗል። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰዎች ስለዚህች ቦታ ሲከራከሩ የሚጠሩት የጥንት ምስክር እናንተ ናችሁ። የሚመረምራችሁም ዳኛ አያችሁ ወይስ ሰማችሁ ብሎ ይጠይቃል። ያያችሁትን፣ የሠራችሁትንና የጸለያችሁትን ሳትጨምሩም ሳትቀንሱም ጽፋችሁ ብታቆዩለት፣ ለልጅ ልጆቻችሁ ከማንኛውም ባለቅኔ የበለጠ ምስክር ትሆናላችሁ።

እግዚአብሔር የመሥራቾቹን ነፍስ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን። ገዳሙንና ማኅበሩን ይጠብቅልን። ለእኛም እውነትን በትሕትና የምንናገርበትን አንደበት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።